ቁራው እምቢ ያለ ቀን

አያቴ፣ ባሏ በሞተ በሳምንቱ፣ ከበረቱ ጀርባ ተደብቃ ቂጣ ስትበላ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ገና ስምንት ዓመቴ ቢሆንም ምስጢር መያዝ እችልበት ነበር። ያየሁት ሌላ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ግን አግብቼ፣ ወልጄ፣ ራሴም ሽበት ማብቀል ከጀመርኩ በኋላ ነው።

እናትና አባቴ ቦምቤይ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለሚሠሩ እኔ የማድገው ክርሽና ወንዝ ዳር ባለው መንደራችን ነበር። ሴቷን አያቴን አጂ፣ ወንዱን አጆባ እላቸዋለሁ። እዚያው ግቢ ውስጥ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋንፓትና ሚስቱ ሳጉና ይኖራሉ። አጆባ የሸንኮራ መጭመቂያ አንድ ጣቱን የበላበት፣ ጥርስ ባይኖረውም አፉን በሰፊው ከፍቶ የሚስቅ ሰው ነበር። በየዓመቱ ዝናብ ሲገባ ብርቱካንማ ባንዲራውን ይሸከምና ከሺህ ምእመናን ጋር እየዘመረ እስከ ፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። አጂ ግን አንድም ዓመት አብራው ሄዳ አታውቅም። ሁልጊዜ የሚያስቀራት ነገር አይጠፋም። ወይ ላሟ ልትወልድ ነው፣ ወይ ምራቷ ልትወልድ ነው፣ ወይ ዘር ሊዘራ ነው። በዚያ ዓመት አጆባ፣ «ዘንድሮ የፈለገው ይውለድ፣ አንቺ ከኔ ጋር ነሽ!» ብሏት ነበር። ዝናቡ ሳይመጣ እሱ ሞተ።

ወንዶቹ ሬሳውን ተሸክመው ወደ ወንዙ ሲወርዱ ሴቶቹ አጂን ጓሮ አስቀመጧት። አረንጓዴ የብርጭቆ አምባሮቿን አንድ በአንድ በድንጋይ ሰበሩባት። ከግንባሯም የባለትዳርነቷን ቀይ ነጥብ በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። እኔ ስብርባሪውን እየለቀምኩ፣

«ምን አጥፍታ ነው?» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ! ባሏን አጥታ ነው!» አለችኝ ሳጉና።

እኔም የውሃ እንስራ ስሰብር እንደምቆነጠጠው አጂም አጆባን በማጥፋቷ እየተቀጣች ነው አልኩ። በጣም ተናደድኩ። ስንት ነገር የሚጠፋው ሳጉና ራሷ ጋ ነው፣ የሷን አምባር ማንም ሰብሮባት አያውቅም።

አጂ አላለቀሰችም። ሴቶቹ በሹክሹክታ ሲያሟት እሰማለሁ። «እንባ የላትም እንዴ?» ትላለች አንዷ። «ደንግጣ ነው» ትላለች ሌላዋ። «ምን ድንጋጤ! ልቧ ድንጋይ ሆኖ ነው እንጂ!» ትላለች ሳጉና።

በማግስቱ ምስር እየለቀመች ሳለች አጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት።

«አጂ፣ አጆባን ለምን አቃጠሉት? አያመውም?»

«እሱን ማን አቃጠለው? ቤቱን ነው ያቃጠሉት።»

«ቤቱማ ይኸው!»

«ይሄን አይደለም የምልሽ። ሥጋው የተከራየው ቤት ነበር። ጣራው አፈሰሰ፣ ምሰሶው ተንጋደደ፣ ቢጠግኑት ቢጠግኑት እምቢ አለ። ጊዜው ደረሰና ለቀቀ። ተከራይ ከወጣ በኋላ ለግድግዳ ይለቀሳል?»

«አሁንስ የት ተከራየ?»

አጂ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ላይ ጭና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ቆይታ፣ «እሱን ገና አልነገረኝም» አለችኝ። የሳቀች መስሎኝ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። አሁን ሳስበው የምን ሳቅ! በዚያ ሁሉ ሐሜት መሀል ሳትታይ ያለቀሰችው ከኔ ጋር ነበር፣ እኔ ሞኟ ደግሞ ጥርሴን ገልፍጬ አጀብኳት።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ አጆባ የገባበትን አዲስ ቤት መፈለግ ሆነ። አዲስ የተወለደውን ጥጃ ጆሮ ይዤ «አንተ ነህ?» አልኩት፣ ላሰኝ። ግድግዳው ላይ ያለችውን እንሽላሊት ጠየቅሁ። የሸክላ ሠሪውን ጨቅላ ሕፃን ትክ ብዬ ሳየው እናቱ ቡዳ ናት ብላ አባረረችኝ።

ሳጉና በበኩሏ ሌባ ትፈልግ ነበር። «ቂጣ እየጎደለ ነው! አይጥ ቢሆን ፍርፋሪ ይተዋል!» እያለች ታጉረመርማለች። በሀዘናችን ጊዜ የማሽላ ቂጣውን የሚያመጡልን ጎረቤቶች ስለነበሩ ቅሌቱ በነሱ ፊት ነው። እኔ አንድ ቀን ጠዋት አጂ ግማሽ ቂጣ ሳሪዋ ውስጥ ሸጉጣ ስትወጣ አየሁና ተከተልኳት። ከበረቱ ጀርባ ቁጢጥ ብላለች። ጀርባዋ ወደኔ ነው፣ ክንዷ ይንቀሳቀሳል። ጣራው ላይ ቁራ ይጮኻል፣ ቁራ የማይጮኽበት ቀን መቼ አለና!

«ይሰማሉ?» አለች አጂ በለሆሳስ። «ይምጡ እንጂ፣ ቂጣው ሊደርቅ ነው።»

አጂ እንደ መንደራችን ሚስቶች ሁሉ የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ የጠራችው «ይሰማሉ?» እያለች ነው። እንግዲህ ሙቱን ቁርስ እየጋበዘችው ነበር! ሀዘንተኛ ሆና በሰው ፊት መብላት ስላፈረች ከሱ ጋር ተደብቃ ትበላለች ብዬ ደመደምኩ፣ እግሬን አንስቼም ሄድኩ።

በነዚያ ቀናት ጋንፓት ሳጉናን፣ «የጓሮውን ክፍል ለእማዬ አጽጂላት» ሲላት ሰማሁ። ደስ አለኝ። አዲስ ክፍል ሊሰጧት ነው ብዬ ለአጂ ሮጬ ነገርኳት። ሽንኩርት የሚቀመጥበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነበር። የአጆባ እህት ባሏ ከሞተ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ እዚያው እንደሞተች ያኔ አላውቅም። አጂ ግን ታውቃለች። ተነስታ ልጇ ፊት ቆመች።

«ዝናብ ሲገባ ፓንዳርፑር እሄዳለሁ» አለችው።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ዓመት ሳይሞላው? ባሏ በሞተ በወሩ በየመንገዱ ስትዘምር ስታጨበጭብ ብለው መሳቂያ ሊያደርጉን ነው? ሰው ምን ይላል! ከግቢ አትወጪም።»

«አባትህ አብረን እንሂድ ብሎኛል።»

«አባቴ ሞቷል።»

«እንግዲያው በአሥረኛው ቀን ጠይቀው» አለችውና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

በአሥረኛው ቀን ወደ ወንዙ ወረድን። ጋንፓትና ከቦምቤይ የመጣው አባቴ ጭንቅላታቸውን ተላጭተው፣ እርጥብ ልብሳቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ፣ ከውሃው ዳር ተቀምጠዋል። ጉሩጂ፣ የመንደሩ ካህን፣ ለሟቹ የተዘጋጀውን የሩዝ ድቡልቡል ቅጠል ላይ አስቀመጠና ሁሉንም ወደ ኋላ አራቃቸው። ቁራ መጥቶ ሩዙን ከነካ ሟቹ ረክቶ ሄዷል ማለት ነው። ካልነካ አንድ የቀረበት ምኞት አለ፣ ምኞቱ እዚህ አስሮ ይዞታል። ያን ምኞት ገምቶ ጮክ ብሎ ቃል የሚገባለት ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ነው።

እኛ ሴቶቹ ከላይ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ ሾላው ላይ ቁራዎች አረፉ። አንዱ ወደታችኛው ቅርንጫፍ ወርዶ ሩዙን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ላባውን ማበጠር ጀመረ።

«አባዬ!» አለ ጋንፓት እጁን አጣምሮ። «ሳርጃን አልሸጠውም! በሬህ እዚሁ ቤት ያረጃል!»

ቁራው ላባውን ያበጥራል።

«ያሙናን ጥሩ ቦታ እድራታለሁ!» አለ አባቴ። ያሙና እኔ ነኝ። ቁራው ምንም አልመሰለውም፣ እኔም እሰይ አልኩ።

ጎረቤታችን ማሩቲ ጉሮሮውን ጠርጎ አጆባን በስሙ ጠራው። «ዶንዲባ ወንድሜ... ያ ቀንበር... አምና የተሰረቀው... እንዲያው ተውሼው ነበር። ዛሬውኑ እመልሳለሁ።»

«አንተ ነህ የወሰድከው?» ብሎ ጋንፓት ሊነሳ ሲል ጉሩጂ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። ቁራው ኩስ ጣለ። ሴቶቹ አፋቸውን በሳሪያቸው ሸፈኑ።

«አባዬ፣ እማዬን እጠብቃታለሁ!» አለ ጋንፓት፣ አሁን ድምፁ እየተሰባበረ ነው። «ከቤት ደጅ አላስወጣትም! ፀሐይ አይነካትም!»

ቁራው ክንፉን መትቶ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ ወጣ። ሰዉ ሁሉ «ውይ!» አለ።

ፀሐዩ በረታ። ድንጋዩ እግር ያቃጥላል፣ ሩዙ ዳር ዳሩ መድረቅ ጀምሯል። ጋንፓት ማልቀስ ጀመረ። ትልቅ ሰው፣ ጢም ያለው ሰው፣ እንደ ልጅ ንፍጡን እየጠረገ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። አባቱ በሱ ምክንያት ታስሮ መቅረቱ ነበር ያስፈራው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ያኔ ግን ክፉ ይመስለኝ ነበር።

«እንግዲህ ሕጉ ይፈቅዳል» አለ ጉሩጂ ላቡን እየጠረገ። «ቁራ እምቢ ካለ ከሳር ቁራ ሠርቼ ሩዙን አስነካዋለሁ።»

«ይሥሩልን» አለ ጋንፓት።

አጂ ከአጠገቤ ተነሳች። እጄን ያዘችና ደረጃውን መውረድ ጀመረች።

«እማዬ! ያንቺ ቦታ እዚያ ነው!»

«የሳር ቁራ?» አለች አጂ ሳትቆም። «ያ ሰውዬ ዕድሜውን ሙሉ አፈር ሲገፋ ኖሮ በሳር ነው የምትሸኙት? በሬ አደረጋችሁት እንዴ?»

አንድ ሽማግሌ ሳቅ አመለጠው። ጉሩጂ የያዘውን ሳር ቀስ ብሎ ከኋላው ደበቀ። አጂ ሩዙ አጠገብ ስትደርስ እጄን ለቀቀችኝ። እጆቿን አላጣመረችም፣ አላጎነበሰችም። ምሳ ደርሷል ብላ ከማሳ እንደምትጠራው ቀና ብላ ወደ ሾላው ጮኸች።

«ይሰማሉ? ዘንድሮ አብረን እንሄዳለን ብለውኝ ነበር። እርስዎ ቀደሙ። ይሁን፣ ደግ አደረጉ፣ እኔ አልይዝዎትም። እርስዎም እንዳይያዙ! ዝናቡ ሲገባ ባንዲራዎን ተሸክሜ ፓንዳርፑር በእግሬ እሄዳለሁ። ጓዳ አልቀመጥም። ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ቃሌ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይምጡ እንጂ፣ ሩዙ ሊደርቅ ነው።»

ቁራው ወረደ። ዞር እንኳ አላለም። ከላይኛው ቅርንጫፍ ተወርውሮ፣ አጂ እግር ሥር አርፎ፣ ሩዙን ሁለቴ ሦስቴ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ትልቁን ጉርሻ ነጠቀ። እኔ እግሩን አየሁ። አንድ ጣት የለውም!

«አጆባ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «ጣቱን እዩት! ጣቱን እዩት! አጆባ ነው!»

የወንዙ ዳር ተናወጠ። ሰዉ የአምላኩን ስም እየጠራ ያጨበጭባል፣ ማሩቲ ጎንበስ ብሎ መሬት ይስማል፣ ሳጉና ደረጃው ላይ ቆማ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጋንፓት እናቱ እግር ላይ ወደቀ።

«ሂጂ እማዬ» አለ። «ሂጂ። አባዬ ተናገረ፣ እኔ ማነኝ የምከለክልሽ።»

አጂ የተላጨ ጭንቅላቱን ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብላ እንደ አጆባ በሰፊው አፏን ከፍታ ሳቀች። ድል እንዴት እንደሚመስል ሰው ሲጠይቀኝ ዛሬም የሚታየኝ ያ ፊት ነው።

ዝናቡ ሲገባ ሄድን፣ እኔንም ወሰደችኝ። ጭቃ እስከ ጉልበት ነበር። ሴቶች የበሶብላ ተክል ያለበት ማሰሮ በራሳቸው ተሸክመዋል፣ ወንዶች የናስ ጸናጽል እየመቱ ይዘላሉ። የማይተዋወቅ ሰው እርስ በርሱ «እናቴ» እየተባባለ በአክብሮት እግር ይነካካል። አንድ ጢማም አዛውንት እኔን የስምንት ዓመቷን «እናቴ፣ መንገድ ልቀቂልኝ» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። አጂ ባንዲራውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ከሁሉ በላይ ጮኻ ትዘምር ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያቆም ዞር ብዬ ሳያት ግን ፊቷ አሁንም እየረጠበ ነው።

«አጂ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ? ተከራይ ሲለቅ አይለቀስም አላልሽም?»

«ለግድግዳ አይለቀስም ነው ያልኩት! ለተከራዩማ እንዴት አላለቅስ? አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ!» ሳታፍር በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። «ስሚ ያሙ። አትውደጂ ያለሽ የለም። የሚሄደውን አትያዢ ነው የሚባለው። እኔ ወደድኩት፣ ለቀቅሁት። አሁን እንባው የኔ ነው፣ እሱን አያስረውም። በይ ዘምሪ!»

ዘመርን። ከዚያ በኋላ ጉልበቷ እስኪከዳት አንድም ዓመት አላመለጣትም። ጋንፓት ራሱ ስንቅ ያስርላት ነበር፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ባንዲራውን እየተሸከመላት አብሯት ይሄድ ነበር። ሰው ምን ይላል ሲሉት፣ «ምን ያገባዋል!» ይል ጀመር።

እኔ አድጌ ፑኔ ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። አንድ የዕረፍት ጊዜ መንደር ሄጄ ጠዋት ስነሳ አጂ አልጋዋ ላይ የለችም። ከበረቱ ጀርባ አገኘኋት፣ ቁጢጥ ብላለች፣ ግማሽ ቂጣ በእጇ። ከፊት ለፊቷ ቁራ ቆሟል።

«ይሰማሉ?» ትለዋለች ለቁራው። «ይምጡ እንጂ።»

ቁራው መጥቶ ከእጇ ወሰደ። የድሮው አልነበረም፣ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይሆናል። ስንት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ፣ ለባሌ፣ ለልጆቼ ያወራሁት ታሪክ በአንድ ጉርሻ ቂጣ ፈረሰ።

«አጂ! አንቺ... አስለምደሽው ነው! ያን ሁሉ ሰው አታለልሽ!»

«እኔ?» አለች እንደተሰደበች ሁሉ። «ኧረ ወዲያ! እኔ ምን ብልኃት አለኝ? የሱ ሥራ ነው።»

እዚያው መሬት ላይ አስቀምጣኝ ነገረችኝ። አጆባ ታሞ በተኛበት ሰሞን የገመድ አልጋውን ከበረቱ ጀርባ አስወጥቶ ውሎው እዚያ ነበር። ከሚመጡት ቁራዎች ያን ጣተ ጎዶሎ «የኔ ቢጤ» ብሎ መረጠው። በየቀኑ ከራሱ ቂጣ እየቆረሰ አጂ በራሷ አፍ እየጠራች እንድትሰጠው አደረጋት። «ጋንፓት ጥሩ ልጅ ነው፣» አላት፣ «ግን ሰው ምን ይላል የሚሉት በሽታ አለበት። እኔ ስሄድ ጓዳ ያስቀምጥሻል። ይሄ ወፍ ድምፅሽን ይወቅ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት አታብዪው። ሁሉም ለምኖ ሲደክመው አንቺ ጥሪው። የኔን ምኞት ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም።»

«እሺ ባይመጣስ?» አልኳት።

«እኔም ጠይቄዋለሁ። ‹የሰው ብዛት አስደንግጦት ባይመጣስ?› አልኩት። ‹እንዲያ ከሆነ እኔ ራሴ እመጣለሁ› አለኝ።» እጇ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አራገፈች። «ታዲያ መጣ አይደል? ምን ትጨቀጭቂኛለሽ?»

ምኞቱ የሱ፣ ቁራው የሱ፣ ሰዓቱም እሱ የመረጠው ነው። ያቺ «አጆባ ነው!» ብላ የጮኸችው ልጅ ምኑን ተሳሳተች?

አጂ የሞተችው ምስር እየለቀመች ሳለች ነው። «ሩዙን የምታስቀምጠው ያሙ ናት» ብላ አስቀድማ ለጋንፓት ተናግራ ነበር። አዲሱ ካህን ሴት እንዴት ትሆናለች ብሎ አጉረመረመ። ጋንፓት አሁን ራሱ ሽማግሌ ነው፣ በምርኩዙ መሬቱን መታና፣ «ልጄ፣ ከዚህች ሴት ጋር የተከራከርኩት አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም በመንደር ሁሉ ፊት ተሸንፌ። እኔ ልምከርህ፣ ተወው» አለው።

ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ። ምን ቀርቶባት ይሆን እያልኩ በልቤ ስንት ቃል ኪዳን አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ባንዲራዋን እሸከማለሁ ልላት፣ ቁራዎቿን አበላለሁ ልላት፣ አልይዝሽም ልላት። ከሁሉም የከበደኝ የመጨረሻው ነው፣ እንዴት እንደምለው እንኳ አላውቅም ነበር። ሩዙን ቅጠሉ ላይ አኖርኩ። እጄን ገና አላነሳሁም፣ አንድ ቁራ ከሾላው ተወርውሮ ጣቶቼን በክንፉ ገፍቶ ሩዙን ነጠቀ።

እግሩን አየሁ። ጣቶቹ ሙሉ ናቸው። የማንም ቤት ቁራ አልነበረም፣ ማንም ድምፁን አላስለመደውም።

«አየሽ?» አለ ጋንፓት ከኋላዬ፣ እያለቀሰ ይስቃል። «እማዬ ናት! ምንም የቀረባት የለ፣ ምን ትጠብቅ?»

ቃል ልገባላት ነበር፣ ጊዜ አልሰጠችኝም። ሾላውን ተሻግሮ ወንዙን ተሻግሮ እስኪጠፋ ድረስ ቁራውን በዓይኔ ሸኘሁት። እንባዬ እየወረደ ቀና አልኩና እንደሷ አፌን ከፍቼ ሳቅሁ።